አድራሻ ቀይራለች

መስከረም 14

ለታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? መንገዱስ እንዴት ነበር? ልጅሽ ፌንጣ አውቶቡሱ ውስጥ ቁጭ ብላ ደረሰች ወይስ ሹፌሩንም አሳበደችው? እኔ ደህና ነኝ፤ ቤቱ ግን ጭር ብሎብኛል። ሦስት ወር ሙሉ ስትዘልበት የከረመችው ሶፋ አሁን እንደ ጡረተኛ ተኝቶ ያየኛል። ግድግዳው ላይ በእርሳስ የሣለችውን፣ ፈረስ ነው ብላ የማለችልኝን ነገር አላጠፋሁትም።

እውነቱን ለመናገር መደወል ይቀለኝ ነበር። ግን ያው ታውቂዋለሽ፣ ገና «ሄሎ» ሳንባባል ልጅሽ ስልኩን ነጥቃሽ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች፤ እኔም የማወራው ከእስትንፋሷ ጋር ይሆናል። እንደ ድሮ ሰዎች ደብዳቤ ይሻለናል።

«ሕክምናው ካለቀ ቅጹ ምን ይሠራል?» ላልሽው፣ ጥያቄሽ ተገቢ ነው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከምልከታ ክፍሉ መስታወት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ልጅ ሲጮኽ፣ ሲራገጥና ሲናከስ ስቆጥር የኖርኩ ሴት ነኝ። የክሊኒኩ ቆጣሪ ነው የምባለው፤ እንጀራዬ ቁጥር ነው። ፌንጣ ሰኔ ላይ ስትመጣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ጊዜ ግልፍ ብሏታል። በመጨረሻው ቀን ዜሮ! ዋና ሐኪማችን ወረቀቱን አይተው «እንዲህ ያለ ቁጥር ካየሁ ቆየሁ» ነው ያሉት። ነገር ግን አንድ ልጅ ዳነ የሚባለው ከእኛ ክፍል ሲወጣ ሳይሆን ቤቱ ገብቶ ሲከርም ነው። ስለዚህ የሰጠሁሽን ሦስት ቅጾች በየስድስት ሳምንቱ አንዳንዱን ሞልተሽ ትልኪያለሽ። ጥያቄዎቹ ሠላሳ ናቸው፤ «ከቶ» ከሆነ አንድ፣ «ሁልጊዜ» ከሆነ ሰባት። የምትሞይው የተሰማሽን ሳይሆን ያየሽውን ነው። በእኔ ስም ላኪው፤ በመዝገብ ቤት በኩል ከመጣ ወር ይተኛል።

ያስተማርንሽን አትርሺ። መልካም ስትሠራ ወዲያው አመስግኚያት፤ ትንሽ ትንሹን ጥፋት እንዳላየሽ እለፊው፤ ትእዛዝ ስትሰጪ አንዴ ብቻ፣ በረጋ ድምፅ። ስለ መጨረሻው ቀን ግን እየጠየቅሽ አታድክሚያት። ሕፃን ናት፣ ያለፈውን ትርሳው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ።

እታለምሽ


ጥቅምት 28

ለእታለም፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? ወገብሽን ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን ብልሽ ውሸት ይሆንብኛል፤ አይደለንም ብልሽ ደግሞ እንቅልፍ ታጫለሽ።

በመጀመሪያ ይቅርታ፤ የቅጹ ጥግ ተቀዷል። የቀደደችው ባለጉዳይዋ ራሷ ናት። በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ ይነበባል።

ባለቤቴ የተማርነውን ይፈጽማል ወይ ብትይኝ፣ አዎ፣ ቤት ሲኖር ይፈጽማል። የቀያሽ ኑሮ ታውቂዋለሽ፤ መንገድ እየለካ ሁለት ሳምንት ይጠፋና ሁለት ቀን ቤቱ ይሰነብታል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ፌንጣ ከአንገቱ አትወርድም፤ ቃል ሳይወጣው ትታዘዘዋለች። «አንቺ ነሽ የምታካብጂው» ብሎኝ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሄዳል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ደህና ነበረች። እኔም ደረቴን ነፍቼ «የእህቴ መሥሪያ ቤት ነው ያዳነልኝ» እያልኩ ሰፈሩን ስዞር ነበር። በአራተኛው ሳምንት መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አስተማሪዋ የእንጨት ኩቦቹን ሰብስቢ ስትላት፣ ፌንጣ አንዱን አንሥታ ወረወረችው። አጠገቧ የነበረች ልጅ ቅንድቧ ተተርትሮ ሁለት ጊዜ በመርፌ ተሰፋ። የልጅቷን እናት ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ከበር መለሰችኝ። አልፈርድባትም፤ እኔም ብሆን በሩን አልከፍትም ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንደ ድሮው ሆናለች፤ እንዲያውም ብሶባታል። ሰባት ያልኩት ሁሉ ሰባት ነው። ስምንት ቢኖር ስምንት እል ነበር። ከቅጹ ግርጌ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ መስመር አለ፤ እዚያ ላይ «እባካችሁ ልጄን መልሳችሁ እዩልኝ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለዋና ሐኪሙ ቶሎ አሳይልኝ። እስኪጠሩኝ ሻንጣዬን አልጋ ሥር አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ።

ታናሽሽ


ኅዳር 22

ለእህቴ፣

መልስ ስለዘገየብሽ ይቅርታ። ሥራው ፋታ አልሰጠኝም፤ እነፌንጣ ያሉበት የሁለት ዓመቱ ጥናት እየተጠቃለለ ስለሆነ ምሳ እንኳ የምንበላው ወረቀት ላይ ተደፍተን ነው።

ቅጹ ደርሶኛል። ሐኪሙ ምን አሉ ብትይኝ፣ እዚህ ዘወትር የሚባለው ልጆች ቤታቸው ሲገቡ ትንሽ ወደኋላ ይሉና መልሰው ይስተካከላሉ ነው። ስለዚህ አትደንግጪ፣ ሻንጣውንም ፍቺው።

አሁን እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ እህት ልንገርሽ። ከሠላሳው ጥያቄ ሃያ ሁለቱ ላይ ሰባት ሞልተሻል። እንዲህ ያለ ቅጽ ሲመጣ እኛ ቤት መጀመሪያ የሚጠየቀው «እናትየዋ ደክሟታል ወይ?» ተብሎ ነው። የደከመች እናት ድካሟን ነው የምትሞላው። አንቺ ደግሞ ድሮም እንዲሁ ነሽ፤ ጉልበትሽ ሲጫር እግሬ ተቆረጠ ብለሽ ሰፈር የምታስነሺ ልጅ ነበርሽ። አባባ «ለዚህች ልጅ አምቡላንስ ይገዛላት» ሲሉ ትዝ አይልሽም?

ቅር አይበልሽ። ሁለተኛውን ቅጽ ረጋ ስትይ ሙይው። ፌንጣ ከእኔ ጋር ሦስት ወር ኖራ በዓይኔ ያየኋት ልጅ ናት። ደህና ናት።

እታለምሽ


ታኅሣሥ 16

ለእታለም፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ደሜ ፈላ፤ በሁለተኛው ራሴን ተጠራጠርኩ። እውነትም አካብጄ ይሆን ብዬ እንደ አንቺ ልቆጥር ወሰንኩ። የግድግዳው ቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ ግልፍ ባላት ቁጥር አንድ ጭረት። ሰኞ ሃያ አራት። ማክሰኞ ሠላሳ አንድ። ረቡዕ አሥራ ዘጠኝ፤ ትንሽ አተኩሷት ስለነበር አቅም አጣች። ሐሙስ እርሳሱን ሰበረችው፣ ስለዚህ ሐሙስ የለም።

የማክሰኞውን ጠዋት ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ። ጫማዋን እንድታደርግ ነገርኳት። አንዴ ብቻ፣ በረጋ ድምፅ፣ ተንበርክኬ፣ ዓይን ለዓይን እየተያየን፤ አንቺ እንዳሳየሽኝ አንድም ሳላጎድል። ጫማውን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። ዝም አልኩ። ሁለተኛውን ደገመችው። አሁንም ዝም አልኩ። ከዚያ መጥታ የእጄ አንጓ ላይ በጥርሷ ተንጠለጠለች። እንዲህ ስትሆን ከእኔ እኩል እሷም ትደነግጣለች፤ ዓይኗ ይፈጣል እንጂ አትለቅም። ስትለቀኝ ደም ነበረው። ጥቂት ቆይታ መጣችና የነከሰችውን ቦታ በመዳፏ እያሸች ምን አለችኝ መሰለሽ? «እማዬ፣ ጥርሴ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

አምስት ዓመት ያልሞላት ልጅ ከገዛ ጥርሷ ጋር ተጣልታለች፣ እታለም። ይሄ የእኔ ድካም ነው?

መዋዕለ ሕፃናቱም ሸኝቶናል። ዳይሬክተሯ በጣም በትሕትና ነው የነገሩኝ፤ «ሲሻላት መልሰው ያምጧት» አሉኝ። እኔም ልብስ መስፋቱን ትቼ ከእሷ ጋር ቤት ተቀምጫለሁ።

ሁለተኛውን ቅጽ ከዚህ ጋር በሌላ ፖስታ ልኬያለሁ። ጭረት ያለበትን የቀን መቁጠሪያ ቀድጄ አብሬ አድርጌዋለሁ፤ አንቺ ቁጥር ታምኛለሽና። እንዲያው ግን አንድ ሰው እንኳ ከዚያ ክፍል «እንዴት ናችሁ?» ብሎ እንዴት አይደውልም? እኔ ዶክተሩን ላስቸግር አልፈልግም፤ ደውይ ካልሽኝ ግን እደውላለሁ።

ታናሽሽ


ጥር 10

ለእህቴ፣

ሁለተኛውም ደርሶኛል።

ወደ ክሊኒኩ አትደውይ። ስልኩን የሚያነሡት ጉዳዩን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ያመላልሱሻል። የአንቺ ነገር በእኔ በኩል ነው።

በዚህ ወር ጥናቱን የሚያዩ እንግዶች ይመጣሉ። ውጤቱ ከተወደደ ሕክምናውን ለየመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪዎች ማስተማር ይጀመራል፤ የስንት ልጅ ዕድል እንደሆነ አስቢው። ዋና ሐኪሙ እንቅልፍ የላቸውም፣ እኛም የለንም። ይሄ ይለፍና ረጅም ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ።

እጅሽን በደንብ እጠቢው፤ የሰው ንክሻ ያመረቅዛል። ፌንጣን ሳሚልኝ።

እታለምሽ


የካቲት 25

ለእህቴ፣

እታለም ብዬ ልጀምር ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ።

ሦስተኛውን ቅጽ ጥር መጨረሻ ላይ ፖስታ ቤት ድረስ የወሰድኩት ፌንጣን በጀርባዬ አዝዬ ነው። መሬት ካወረድኳት መኪና መንገድ ትገባለችና። መድረሱን አልነገርሽኝም። እንግዶቿ አልሄዱ ይሆናል ብዬ ታገሥኩ።

ባለፈው ሰኞ ፖስተኛው አንድ ትልቅ ፖስታ አመጣ። የክሊኒካችሁ ማኅተም አለበት። ደስ ብሎኝ ቆሜ ነው የቀደድኩት፤ ጠሩን ብዬ። ውስጡ አንድ ገጽ ደብዳቤና ቀጭን መጽሔት ነው። ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦ «በተደጋጋሚ ተፈልገው ሊገኙ ባለመቻልዎ የልጅዎ ፋይል የተዘጋ መሆኑን እንገልጻለን። ስለ ተሳትፎዎ እናመሰግናለን።» መጽሔቱን ገለጥኩ። ከሃያ አራቱ ሕፃናት የሦስቱ ቤተሰቦች «አድራሻ በመቀየራቸው» ስላልተገኙ ውጤቱ የተሠራው በሃያ አንዱ ላይ ነው፤ ከእነሱም አሥራ ዘጠኙ ተሻሽለዋል ይላል።

ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። የተላከው ወደ ቤቴ ነው። ስሜ፣ የቤት ቁጥሬ፣ ሁሉም ልክ ነው።

አትደውይ ያልሽኝን ደወልኩ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቀና ሴት ናት፤ አትቆጫት።

«ፋይልዎ ተዘግቷል እኮ» አለችኝ።

«ማን ዘጋው?»

«ካልተገኙት ውስጥ ነው ያሉት። "አድራሻ ቀይራለች፣ ስልኳም አይሠራም" ይላል።»

«አሁን የምታናግሪኝ በየትኛው ስልክ ነው ታዲያ?»

ወረቀት ስታገላብጥ ይሰማኛል። «እንግዲህ እኔ የተጻፈውን ነው የማነበው» አለች በመጨረሻ። «መዝጊያ ደብዳቤ ደግሞ ፋይሉ ላይ ባለው አድራሻ መላክ ደንብ ነው፣ ላክሁ።»

«የሞላኋቸው ሦስት ቅጾችስ?»

«ፋይሉ ውስጥ አንድም ቅጽ የለም።»

«አድራሻ ቀይራለች ብሎ የፈረመው ማን ነው?»

«ፊርማው የቆጣሪዋ ነው» አለችኝ።

ስልኩን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስንት ጊዜ ነው የጻፍሽልኝ? «ደርሶኛል» ያልሽው እውነትሽን ነው፤ ደርሶሻል። እኔ ነኝ ደርሶኛልን ሰጥቻለሁ ብዬ ያነበብኩት።

ይሄ ሳያንስ ደግሞ ሌላ ሰማሁ። ፌንጣ ሳለቅስ አይታ መጣችና «እታለም ተቆጣችሽ?» አለችኝ፣ ስምሽን ስጠራ ሰምታ ነው መሰለኝ። ከዚያ ራሷን ለማዳን ስትል፣ «እኔ ግን አላስቸገርኩም። ሦስቴ እስክታንኳኳ ድረስ ዝም ብያለሁ» አለች። የት ነው የምታንኳኳው ብላት፣ «መስታወቱ ላይ ነዋ! ሦስቴ ሳታንኳኳ ከተነሣሁ ወደ ቤት አንሄድም ብላኛለች። ከተቀመጥኩ ግን በዚያው ቀን ከእማዬ ጋር ትሄጃለሽ ብላኛለች» አለችኝ።

ዜሮው እሱ ነው? ያ በኮሪደሩ ያቀፍሽኝ፣ አብረን ያለቀስንበት ዜሮ? ልጄ አልዳነችም ነበር። ልጄ ወደ ቤቷ መሄድ ነበር የፈለገችው።

ባለቤቴ በስልክ ስነግረው መጀመሪያ አላመነኝም። «እህትሽ? ያቺ ቁጥር አክባሪ?» ነው ያለው። ቀጥሎ ግን ያልጠበቅሁትን ተናገረ፤ «እኔም እኮ አካበድሽ ብዬሻለሁ» አለኝ። እሱ ይሄንን አለ። አንቺስ ምን ትያለሽ?

ሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦችስ እነማን ናቸው? እነሱም አድራሻቸውን የቀየሩት በአንቺ እጅ ነው?

የእናትሽ ልጅ


መጋቢት 3

ለእህቴ፣

ሰላም ልልሽ አፈርኩ። ይሄ አምስተኛው ወረቀት ነው፤ አራቱን ቀድጃቸዋለሁ።

ያልሽው ሁሉ እውነት ነው። አንኳኩቻለሁ። ከመጨረሻው ሳምንት በፊት የነበረው ቁጥሯ ሃያ ሰባት ነበር፤ ለአንቺ ዘጠኝ ብዬሻለሁ። ከሁሉም ልጆች ያነሰ የተሻሻለችው የገዛ እህቴ ልጅ ነበረች። ባልደረቦቼ «የቆጣሪዋ ልጅ» ነበር የሚሏት፣ በፍቅር። እኔ ግን እንዲህ በጠሯት ቁጥር እየተሳቀቅሁ ነበር። በመጨረሻው ጠዋት ፀጉሯን ስሠራላት ነገሩን እንደ ጨዋታ አድርጌ ነገርኳት። አንድ ሰዓት ሙሉ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መስታወቱን እያየች ተቀመጠች። እኔን አታይም፣ እኔ ግን አያታለሁ። በዚያች ሰዓት መቁጠር የነበረብኝ ሌላ ነገር ነበር።

የመጀመሪያውን ቅጽ ሳይ እውነቴን ነው፣ አካበደች አልኩ። ለሐኪሙ ከማሳየቴ በፊት ሁለተኛው ይምጣ፣ ያኔ ቁጥሩ ይወርዳል ብዬ አቆየሁት። ሁለተኛው ሲመጣ ፖስታው ወፍራም ነበር። ፈራሁ። አልከፈትኩትም። ሦስተኛውንም አልከፈትኩትም። የቀን መቁጠሪያሽን አላየሁትም፤ ደብዳቤሽን ግን ለብቻው ስለነበር አንብቤዋለሁ፤ ጥርሴ ነው ያለችውንም። ቅጾቹ ቤቴ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከብርድ ልብሱ ሥር ናቸው።

ዋና ሐኪሙ አያውቁም። ማንም አላዘዘኝም። «ማን አስገደደሽ?» ብትይኝ የምጠራልሽ ሰው የለኝም።

ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረቱ የለኝም፤ ግን እለምንሻለሁ፣ ለአባባ አትንገሪ። ፌንጣን እኔው መጥቼ በዕረፍቴ...

አልችልም፤ እዚህ ላይ ላቁመው።

እህትሽ


መጋቢት 9

ይድረስ፣

ሰላምታ የለኝም፣ ለሌላ ቀን ይቆየኝ።

ለአባባ አልነገርኩም፣ አልነግርምም፤ ለአንቺ ብዬ ግን አይደለም። እሳቸው በዚህ ዕድሜያቸው ከሁለት ልጆቻቸው አንዷን መምረጥ የለባቸውም።

ስለ ሌሎቹ ሁለት ቤተሰቦች ጠይቄሽ አልመለስሽልኝም። መልስ አለመስጠትሽን እንደ መልስ ቆጥሬዋለሁ። መጥተሽ በዕረፍትሽ እንድታክሚያት አልፈልግም። የምፈልገው ይሄ ነው፤ ቁም ሣጥኑን ክፈቺ፣ ፖስታዎቹን ቅደጂ፣ ተቀምጠሽ አንድ በአንድ አንብቢያቸው። ከዚያ የሁሉንም እናቶች ወረቀት ይዘሽ ሐኪሙ ቢሮ ግቢ። እስከ መጪው ዓርብ ጠብቄሻለሁ። ዓርብ ካለፈ እኔው ፌንጣን አዝዬ እመጣና ከበራቸው ላይ እቀመጣለሁ። እንዴት እንደምትጮኽ ታውቂያለሽ፤ መስማታቸው አይቀርም።

ሐሰት ብትጽፊብኝ እሺ፤ ሰው ይሳሳታል። ያቃተኝ ሦስት ወር ሙሉ ራሴን ስጠራጠር እያየሽ መቻልሽ ነው። የገዛ ዓይኔን እንዳላምን አደረግሽኝ። ስትነክሰኝ እንኳ «ይሄ ሰባት ነው ወይስ ስድስት?» እያልኩ ነበር እኮ።


መጋቢት 18

ለእህቴ፣

ዓርብ ጠዋት ገባሁ።

ያዘዝሽኝን ሐሙስ ማታ አደረግሁ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ሁሉንም አነበብኩ። በሦስተኛው ቅጽ ግርጌ «ሌላ ቦታ ካለ ብቻ ንገሩኝ፣ አልቀየማችሁም» ብለሽ የጻፍሽውን ሳነብ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ አድርጌ ጮኽኩ።

ሐኪሙ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላ ነገር እየጻፉ ነበር። ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምንድን ነው?» አሉ።

«አድራሻ ቀየሩ ያልኳቸው ቤተሰቦች የላኩት ነው። አልቀየሩም።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ የመጀመሪያውን አነሡ፣ አነበቡ፣ ሁለተኛውን አነሡ። የቀን መቁጠሪያሽን አዟዙረው አዩት። «ስንት ናቸው?» አሉ።

«ከእህቴ ሦስት ቅጽ፣ ከሌላዋ ሁለት፤ አምስት...»

«የጠየቅሁሽ የወረቀት ብዛት አይደለም። ልጆቹን ነው።»

«ሁለት። ሦስተኛው ቤተሰብ በእርግጥ ቀይሯል።»

አልጮኹብኝም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። «አሥራ አንድ ዓመት» አሉ፤ «አሥራ አንድ ዓመት አንቺ የቆጠርሽውን ደግሜ ቆጥሬ አላውቅም።» ያን ቀን ከሰዓት በፊት መጽሔቱ ለደረሳቸው ሁሉ ስሕተት እንዳለበት የሚገልጽ ደብዳቤ ጻፉ። የአስተማሪዎቹ ሥልጠና ቆሟል። እኔ የምልከታ ክፍሉን ቁልፍ አስረክቤ ቤቴ ነኝ፤ የዲሲፕሊን ኮሚቴው ሲጠራኝ እሄዳለሁ። የቆጠርኳቸው የሃያ አራቱም ልጆች ቁጥር እንደገና ሊመረመር ነው። ሌሎቹን በትክክል ቆጥሬያለሁ፤ ግን አሁን ይሄን ብናገር ማን ያምነኛል?

ስለ ሌላዋ ልንገርሽ፣ ስለጠየቅሽ። እናት አይደሉም፤ የልጅ ልጃቸውን ብቻቸውን የሚያሳድጉ ባልቴት ናቸው። ቅጹን የምትሞላላቸው ጎረቤታቸው ናት። የእሳቸው ሲመጣ ከአንቺው ጋር አብሬ ሸጎጥኩት፤ አንዱን ከደበቁ በኋላ ሁለተኛው ይቀላል። ሐኪሙ ራስሽ ደውይላቸው ብለው አስደወሉኝ። ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ ብዬ ስጨርስ ባልቴቷ፣ «እኔማ ተስፋ ቆርጣችሁብን መስሎኝ ልጅቷን መደብደብ ጀምሬ ነበር» አሉኝ። እንዲሁ ነው ያሉት፣ ሳይቆጡ። እህቴ፣ ይሄንን ሌላ ለማን እንደምነግረው አላውቅም።

ለሁለቱም ሕክምናው ከመጀመሪያው ይጀመራል። ከክሊኒኩ ይደውሉልሻል። ስትመጪ ቤቴ ክፍት ነው፤ ክፍላችሁን አጽድቼዋለሁ።

እህትሽ


ሚያዝያ 21

ለእህቴ፣

ጽዳቱን ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቂው ወደ አንቺ አልመጣንም። ከመጣን አራተኛ ሳምንታችን ነው፤ ያረፍነው የባለቤቴ አክስት ዘንድ ነው። እሱም የዓመት ፈቃዱን ወስዶ አብሮን አለ፤ ሲያስተምሩን ከእኔ ጎን ተቀምጦ ይጽፋል። ከቤትሽ እስከዚህ በእግር ሩብ ሰዓት አይሞላም፤ እኔ ግን ደብዳቤ መጻፉን መርጫለሁ። በአካል ካየሁሽ ወይ እሰድብሻለሁ ወይ አቅፍሻለሁ፤ ለሁለቱም አልደረስኩም።

«እንዴት እየሆነች ነው?» ብለሽ በመዝገብ ቤቷ ሴት በኩል አስጠይቀሽኛል። የመጀመሪያው ቀን ቁጥር አርባ አራት ነበር። አዲሷ ቆጣሪ ወረቀቱን ስታሳየኝ «አይዞዎት» አለችኝ፤ የደነገጥኩ መስሏት ነው። እኔ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ከሰኔ ወዲህ የእኔን ፌንጣ፣ ቤት ያለችውን ፌንጣ፣ ሌላ ሰው ሲያያት የመጀመሪያው ነው። ባለፈው ሳምንት ሠላሳ ስድስት፣ በዚህ ሳምንት ሃያ ዘጠኝ። ይወርዳል፣ ቀስ ብሎ። ባልቴቷም መጥተዋል፤ ኮሪደር ላይ አብረን እንቀመጣለን። የአንቺ እህት መሆኔን ነግሬያቸዋለሁ። «ምን ታደርጊው» አሉና ከያዙት ብርቱካን ከፍለው ሰጡኝ።

የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነው። ዛሬ ጠዋት ወደ ክሊኒኩ ስንሄድ ፌንጣ አውቶቡሱ ውስጥ መስኮት በኩል ተቀምጣ ነበር። መብራቱ አቁሞን ሳለ አንቺ ከማዶ በእግረኛ መንገዱ ላይ ታልፊያለሽ። ግራጫ ሹራብሽን ለብሰሻል፣ ከስተሻል። «እታለም!» ብላ ጮኸች። መስኮቱን በሁለት እጇ ደበደበችው። አልሰማሽም። «እማዬ፣ አስቁሚው! እታለም ናት እኮ!» አለችኝ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ፤ አንድ ቃል ብናገር ይከፍትልን ነበር። ባለቤቴም አየኝ። አልተናገርኩም። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ ፌንጣ ወለሉ ላይ ተዘረረች፤ ሁለት ፌርማታ ሙሉ ሰዉ ሁሉ እየተገላመጠ አየን።

አዲሷ ቆጣሪ ሁልጊዜ ከመግባታችን በፊት ስለ ጠዋቱ ትጠይቀኛለች፣ ቅጽ ላይ ትሞላለች። ዛሬም ጠየቀችኝ።

«ግልፍ ብሏት ነበር?»

«አዎ፣ አንድ ጊዜ።»

«ስንት ደቂቃ?»

«አሥራ አንድ።»

«ምክንያቱስ?»

ጫማ ነው ልላት እችል ነበር። «አክስቷን አይታ መውረድ ፈለገች፣ እኔ ከለከልኳት» አልኳት።

እስክሪብቶዋን ይዛ ቀና ብላ አየችኝ። «እንዲሁ ልጻፈው?»

«እንዲሁ ጻፊው» አልኳት። ጻፈችው፣ እኔም ከሥሩ ፈረምኩ።

ታናሽሽ